ልጅን የላከ እና ልጅን የተቀበለ

ውድ እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ከባድ ጥያቄ ነው። ጦርነት ሲመጣ ልጅን ከወላጁ ለይቶ ሰላም ወዳለበት ቦታ መላክ ትክክል ነው? ወይስ የመጣው ይምጣ ተብሎ አብሮ መቆየት ይሻላል?

ጥያቄውን ያመጣችው ከመካከላችን አንዷ ናት። ስሟንም ሰፈሯንም አልጠራም፤ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ሀገር ቤት ከአያቷ ጋር የምትኖር የስምንት ዓመት ልጅ አለቻት። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የነበረው ጦርነት፣ ከ2023 ጀምሮም በአማራ ክልል የተነሳው ግጭት ስንቱን ትምህርት ቤት እንደዘጋ ሁላችንም ከቤተሰቦቻችን ሰምተናል። የዚህች ልጅ ትምህርት ቤትም ተዘግቷል፣ ተኩስ ይሰማል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ "ላኪያት፣ እኔ ጋ ትማር" ይላል። አያትየው ደግሞ "ይቺን ከጉያዬ አትውሰዱብኝ" ይላሉ። እህታችን ምን ላድርግ ብላ ስትጠይቀን በሁለት ተከፈልን። ግማሾቻችን "ነፍስ ይቅደም" አልን። ሌሎቹ "እናቷ የራቀቻት ልጅ ደግሞ አያቷን ትጣ እንዴ?" አሉ። አንዷማ "ልጁን ከጉያው ያወጣ ወላጅ፣ ወላጅ አይባልም" ብላ ሁላችንንም ዝም አሰኘችን። እዚያ ከነበርነው ብዙዎቹ ልጅ ትተው የመጡ ናቸውና።

እኔ ከ12ኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ግን ማታ ሥራዬን ስጨርስ በስልኬ ማንበብ እወዳለሁ። ይህ ነገር እንቅልፍ ሲነሳኝ "ከእኛ በፊት ይህን ጥያቄ የተጠየቀ ማን አለ?" ብዬ ፈለግሁ። አንድ ሀገር ሙሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ የተጠየቀበትን ዘመን አገኘሁ። ያነበብኩትን ላካፍላችሁና ከዚያ የራሴን ሐሳብ እላለሁ። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እንግሊዝ አገር የሆነው

ጀርመን ፖላንድን በወረረችበት ቀን፣ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ዓርብ ዕለት፣ እንግሊዝ ልጆቿን ከትልልቅ ከተሞች ማውጣት ጀመረች። ጦርነት ያወጀችው ከሁለት ቀን በኋላ እሁድ ነው። በእነዚያ ጥቂት ቀናት አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ ሰው ከለንደን፣ ከሊቨርፑል፣ ከማንችስተርና ከመሳሰሉት ከተሞች በባቡርና በአውቶቡስ ወደ ገጠር ተወሰደ። ከ800,000 በላይ የሚሆኑት ያለ ወላጅ፣ ከአስተማሪዎቻቸው ጋር የሄዱ ተማሪዎች ናቸው። ሕፃን የያዙ እናቶችና ነፍሰ ጡሮችም አብረው ነበሩ።

ያን ጊዜ የእኛም ንጉሥ ኃይለ ሥላሴ በዚያው አገር፣ ባዝ በምትባል ከተማ በስደት ይኖሩ ነበር። እንግሊዞቹ የፈሩትም ቦምብ ብቻ አልነበረም። ጣሊያን በ1935 እና በ1936 በእኛ ሰው ላይ የረጨውን ዓይነት የመርዝ ጋዝም ፈርተዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ የጋዝ መከላከያ ጭምብል በካርቶን ሳጥን አድርጎ አንጠልጥሏል። ኮቱ ላይ ስሙና የትምህርት ቤቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት ታስሯል። ወላጆች ልጃቸው የት እንደሚያርፍ አያውቁም። ልጁ ሲደርስ አድራሻውን ጽፎ እንዲልክ ፖስት ካርድ ይሰጠው ነበር። እስኪ አስቡት፣ እናት ቤቷ ቁጭ ብላ ልጇ የት እንዳደረ የሚነግራት ካርድ ስትጠብቅ።

ገጠር ሲደርሱ ልጆቹን በመንደሩ አዳራሽ አስቀመጧቸው። የሰፈሩ ሰው እየመጣ "ይሄን እወስዳለሁ፣ ያቺን ስጡኝ" እያለ መረጠ። ገበሬው ጉልበት ያለውን ወንድ ልጅ ይፈልጋል። የቤት እመቤቷ ንጹሕ የለበሰችውን፣ ሥራ የምታግዛትን ሴት ልጅ ትፈልጋለች። እህትና ወንድም የተለያዩበት ብዙ ነው። የተጎሳቆለው፣ ታናሹን አልለቅም ያለው መጨረሻ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ኃላፊው እጁን ይዞ በየቤቱ እያንኳኳ "እባካችሁ ተቀበሉት" ይላል።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀመጥኩት። እኛም እኮ ፎቷችን ቢሮ ተደርድሮ "ይቺን" ተብለን የተመረጥን ነን። ኤርፖርት ላይ ፓስፖርታችንን ሌላ ሰው ይዞት፣ ስማችን እስኪጠራ ጥግ ይዘን ቁጭ ብለናል። ልዩነቱ እኛ ለአቅመ ሥራ የደረስን ነበርን። እነሱ ግን የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች የነበሩባቸው ናቸው።

መንግሥት ለተቀባዮቹ ይከፍል ነበር። ለአንድ ልጅ በሳምንት 10 ሺልንግ ከ6 ፔንስ፣ ልጆቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ለእያንዳንዱ 8 ሺልንግ ከ6 ፔንስ። የትምህርቱም ጉዳይ ታስቦበታል፤ የገጠሩ ትምህርት ቤት ስለጠበበ በብዙ ቦታ እንደ እኛ አገር በፈረቃ አደረጉት፤ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች፣ ከሰዓት የመጡት። እንግዲህ ምግቡ፣ አልጋው፣ ደብተሩ ሁሉ በሥርዓት ነው። ግን ልጆቹ እንዴት ኖሩ?

አንዱና ሌላው የኖረው አንድ አይደለም። ላም አይቶ የማያውቅ የለንደን ደሃ ልጅ ወተት ከየት እንደሚመጣ አየ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው አልጋ ላይ ተኛ፤ የተቀበሉትንም ሰዎች እስኪሞቱ ድረስ እንደ ወላጅ የጠየቀ አለ። ሌላው ደግሞ ተደበደበ፣ ተራበ፣ እንደ ሎሌ ተላላከ። ብዙ ልጆች ሌሊት ፍራሽ ላይ መሽናት ጀመሩ። የተቀበሉት ሰዎችም "እናቶቻቸው ምን ዓይነት ባለጌዎች ናቸው" ብለው የሌሉትን እናቶች ሰደቡ። ልጁ የሸናው ስላልተቀጣ አልነበረም። ፈርቶና ናፍቆት ነው።

ደግሞ የተፈራው ቦምብ ወዲያው አልመጣም። እናቶቹ ናፈቁ፣ ልጆቹ አለቀሱ። በጃንዋሪ 1940 ከሄዱት ግማሽ ያህሉ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ነበር። የከተማው ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ስለተዘጉ ስንቱ ልጅ መንገድ ላይ ዋለ። ከዚያ ሴፕቴምበር 7 ቀን 1940 የለንደን ድብደባ ጀመረና ለወራት ሌሊት ሌሊት ቀጠለ። ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ በእንግሊዝ በቦምብ የሞቱት ልጆች ከ7,000 በላይ ናቸው።

ታዲያ ትክክል ማን ነበረች? ልጇን ልካ እዚያው የተወችው እናት ወይስ ናፍቃ የመለሰችው?

ሁለቱም መልስ ሞት አለበት

"ነፍስ ይቅደም" የሚሉትን የሚደግፍ ታሪክ አለ። ከዲሴምበር 1938 ጀምሮ ጦርነቱ እስኪነሳ 10,000 ያህል ልጆች፣ አብዛኞቹ የአይሁድ ልጆች፣ ናዚዎች ከያዙት አገር ወደ እንግሊዝ ያለ ወላጅ ተላኩ። ወላጆቻቸው ባቡር ጣቢያ ሸኝተዋቸው ቀሩ። አብዛኞቹ ልጆች ወላጆቻቸውን ዳግም አላዩም፤ ወላጆቹ ተገድለዋል። እነዚያ እናቶች ልጃቸውን ከጉያቸው ባያወጡ ኖሮ ልጁም አብሮ ይሞት ነበር። "ወላጅ አይባልም" ያለችው እህቴ እነዚህን ምን ትላቸዋለች? እኔ ከእነሱ የበለጠ ወላጅ አላውቅም።

"አብሮ መሆን ይሻላል" የሚሉትን የሚደግፍም አለ። በ1940 የእንግሊዝ መንግሥት ልጆችን በባሕር ወደ ካናዳና ወደ ሌሎች አገሮች መላክ ጀምሮ ነበር። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1940 "ሲቲ ኦፍ ቤናሬስ" የምትባለውን መርከብ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ መታት። በዚያ ፕሮግራም ከተሳፈሩት 90 ልጆች 77ቱ ሞቱ። ከቦምብ ይድናሉ ተብለው የተላኩ ናቸው። ከዚህ በኋላ መንግሥት ልጆችን በባሕር መላክ አቆመ።

እንግዲህ ከውጤቱ ተነስተን ብንፈርድ፣ በ1939 ልጇን ለእንግሊዝ የሰጠችውን "ጎበዝ"፣ በ1940 በመርከብ የላከችውን "ጨካኝ" ልንል ነው። ሁለቱም ግን አንድ ልብ ነው የነበራቸው። ነገን ሳያዩ ነው የወሰኑት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? በጭንቅ ቀን የተወሰነን ነገር በሰላም ቀን ቁጭ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ስለዚህ እኔ የመጀመሪያው ሐሳቤ ይሄ ነው፦ በመላክና ባለመላክ እናትነት አይለካም። የሙሴ እናት ልጇን በቅርጫት አድርጋ ወንዝ ዳር ስታስቀምጠው የተወችው አይደለም። ያውም ኋላ ደሞዝ እየተቆረጠላት የገዛ ልጇን በሰው ስም አጠባች። ከእኛ በፊት የቤት ሠራተኛ ሆና ልጅ ያሳደገች እናት እሷ ናት።

ግን እዚህ ላይ ካቆምን ራሳችንን ማጽናናት ብቻ ይሆናል። "መሥዋዕትነት ከፍያለሁ" ማለት ብቻውን ልጅን አያሳድግም። ልጁስ ምን ሆነ ብለን መጠየቅ አለብን።

ልጅ የሚፈራው ምንድን ነው?

በዲሴምበር 1939 ጆን ቦውልቢ የሚባል የልጆች ሐኪም ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ለአንድ የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ጻፈ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ትንንሽ ልጆችን ከእናታቸው ለረጅም ጊዜ መለየት ከባድ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል ብለው አስጠነቀቁ። ለንደን ውስጥ ደግሞ አና ፍሮይድ፣ ራሷ በ1938 ከቪየና የተሰደደች ሴት፣ ከጓደኛዋ ከዶሮቲ በርሊንግሃም ጋር ለጦርነት ልጆች መጠለያ ከፈተች። በቦምብ መካከል ያሉትን ልጆች ቀን ከሌት እየተከታተሉ ጻፉ። ያዩት ነገር ብዙ ሰው የጠበቀውን አልነበረም። ትንሽ ልጅ እናቱ አጠገቡ ካለችና እሷ ካልተሸበረች፣ ከቦምቡ ይልቅ የሚጎዳው ከእሷ መለየቱ ነው አሉ።

ይህን ለማመን እኔ መጽሐፍ አያስፈልገኝም። በሴፕቴምበር 2024 ቤይሩት ስትደበደብ፣ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃይ መጠለያ ሲሆኑ፣ የምሠራበት ቤት ሰዎች ወደ ተራራው ለመውጣት ዕቃ ጫኑ። የማሳድገው ልጅ አምስት ዓመቱ ነው። ፍንዳታው መስታወቱን እያንቀጠቀጠው እሱ የጠየቀኝ ስለ ፍንዳታው አይደለም። ጫማውን ሳስርለት "አንቺም ትመጫለሽ?" ነው ያለኝ። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። በ2006ም በ2024ም አሠሪዎቻቸው በር ቆልፈውባቸው ወይም መንገድ ላይ ትተዋቸው የሄዱ እህቶች እንደነበሩ ታውቃላችሁ። እኔን ይዘውኝ ወጡ። ልጁ እጄን ይዞ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው።

እንግዲህ ልጅ ደህና ቦታ ማለት በካርታ ላይ ያለ ቦታ አይመስለውም። ለእሱ ደህና ቦታ የሚያውቀው ሰው ነው። ይህ ማለት ግን ልጅን ፈጽሞ መላክ አይገባም ማለት አይደለም። እሳት ሲደርስ መላክ ግድ ነው። የላክነው ልጅ የሚይዘው እጅ ማግኘት አለበት ማለት ነው። ሁለተኛው ሐሳቤ ይሄ ነው፦ ልጅን ከአደጋ ማውጣት ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ የተቀበለው ሰው ሥራ ነው።

ስለ ተቀባይ

ስለዚያች መርከብ ልጨምርላችሁ። ከመርከቧ የወረደች አንዲት ጀልባ ስምንት ቀን ባሕር ላይ ቆይታ ተገኘች። ውስጧ ስድስት ልጆች ነበሩ። አብራቸው የነበረች ሴት ሜሪ ኮርኒሽ ትባላለች፤ የፒያኖ አስተማሪ ናት፤ ልጆቹን እንድታጅብ የተመደበች እንጂ ዘመዳቸው አይደለችም። ያንን ሁሉ ቀን በብርድና በውኃ ጥም መካከል እጅ እግራቸውን እያሸች፣ ተረት እየፈጠረች፣ "ነገስ ምን ሆነ?" እያሰኘቻቸው አቆየቻቸው። ስድስቱም ተረፉ። ያልወለደች ሰው ናት። ለእነዚያ ስድስት እናቶች ግን የእሷን ያህል የሠራላቸው የለም።

የእኔን ደግሞ ስሙ። ጦርነት አልነበረም፣ ግን እኔም የተላክሁ ልጅ ነኝ። ሰፈራችን እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ስለነበረ፣ ሰባተኛ ስገባ ከተማ ዘመድ ጋ ሰደዱኝ። እናቴ ዶሮ ሸጣ ደብተር ገዛችልኝ። ዘመዶቼ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አልመቱኝም። ነገር ግን ውኃ የምቀዳው እኔ፣ እንጀራ የምጋግረው እኔ፣ የምበላው ሁሉም በልቶ ሲያበቃ ነበር። ልጆቻቸው ሲያጠኑ እኔ ዕቃ አጥባለሁ። ስሜ እያለ "የገጠሯ" ነበር የምባለው። እናቴ ገበያ ለወጣ ሰው ደብዳቤ አጽፋ "እንዴት ነሽ?" ስትለኝ ሁልጊዜ "ደህና ነኝ፣ አታስቢ" ብዬ እጽፍላት ነበር። ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት የቤቱ ሰው ያነበው ነበርና ሌላ ምን እጽፋለሁ?

የእንግሊዝ ልጆችም እንደዚሁ ነበሩ። ተቀባዩ አጠገባቸው ቆሞ "ደህና ነኝ፣ ደስ ብሎኛል" ብለው የጻፉ ነበሩ። እኛስ ዛሬ ልጆቻችን ጋ ስንደውል ስፒከር ላይ አይደለም? አያትና አክስት አጠገብ ሆነው "ደህና ነኝ እማዬ" ሲሉን እፎይ እንላለን። የምንልከው ብር መድረሱን በደረሰኝ እናውቃለን። ልጁ እንዴት እንደዋለ ግን ደረሰኝ የለውም።

ሲመለሱስ?

ፊንላንድ የምትባል አገር ከ1939 እስከ 1944 ከሶቪየት ኅብረት ጋር ስትዋጋ 70,000 ያህል ልጆቿን፣ አብዛኞቹን ወደ ስዊድን ላከች። ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት አንገታቸው ላይ ነበር። ስዊድኖቹ በደንብ ተቀበሏቸው፣ አበሏቸው፣ አሳከሟቸው። ትንንሾቹ ግን ቋንቋቸውን ረሱ። ጦርነቱ ሲያልቅ ተመልሰው እናታቸው ስታናግራቸው የማይገባቸው ልጆች ነበሩ። ለሁለተኛ ጊዜ ከእናት ተለዩ ማለት ነው፣ ምክንያቱም አሁን እናታቸው የምትመስላቸው ስዊድን ያለችው ሆናለች። በሺህ የሚቆጠሩት እዚያው ቀሩ።

የእኛም አገር ታሪክ አለው። በ1977 እና በ1978 ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው የኦጋዴን ጦርነት በኋላ፣ ከ1979 ጀምሮ አባቶቻቸው በጦርነት የሞቱባቸው ከሁለት ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ልጆች ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት ወደሚባለው ቦታ ለትምህርት ተልከዋል። ብዙዎቹ በስፓንኛ ተምረው ባለሙያ ሆነዋል። ትምህርቱ ትልቅ ስጦታ ነው፣ ማንም አይክድም። ግን ስንት ዓመት የአማርኛም የኦሮምኛም ተረት ያልሰማ ልጅ ሲመለስ፣ አገሩን እንደ አዲስ መማር አለበት።

ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። እዚህ ካለን ውስጥ ኮንትራቷን ጨርሳ ሀገር ቤት ስትገባ ልጇ ከአያቱ ቀሚስ ጀርባ ተደብቆ "ይቺ ማናት?" ያለባት እህት አለች። የእኛ ነገር የተገለበጠ ነው፤ እዚያ ልጅ ሄደ፣ እናት ቀረች፤ እዚህ እናት ሄደች፣ ልጅ ቀረ። መለያየቱ ግን አንድ ነው። ስለዚህ የመላክ ሥራ ባቡር ጣቢያ ላይ አያልቅም። መንገዱ እንዳይዘጋ በየጊዜው መጥረግ አለበት፣ በስም፣ በቋንቋ፣ በተረት፣ በፎቶ።

ልጁን ማን ጠየቀው?

አባቶቻችን "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም" ይላሉ። ልጅ በትልቅ ነገር አይጠየቅም ለማለት ነው። እኔ በዚህ ተረት እስከ ግማሽ ነው የምስማማው። የስምንት ዓመት ልጅ ጦርነት ይመጣል አይመጣም ብላ ልትወስን አትችልም፤ ያንን ሸክም ልጅ ላይ መጫንም ግፍ ነው። ውሳኔው የትልቅ ሰው ነው። ግን ውሳኔው እንዴት እንደያዛት ከእሷ በቀር ማን ያውቃል? ብዙ የእንግሊዝ ልጆች "ለሽርሽር ነው የምትሄዱት" ተብለው ነበር። ሽርሽሩ ስድስት ዓመት የሆነባቸው አሉ። ለልጅ የተነገረ ውሸት ለትልቁ ሰው እንባ ይቆጥባል እንጂ ለልጁ ምንም አይጠቅምም።

ደስ ያለኝን ነገር ልንገራችሁ። ሱዛን አይዛክስ የምትባል የትምህርት ሰው ከባልደረቦቿ ጋር ከለንደን ወደ ካምብሪጅ የተወሰዱ ተማሪዎችን አጠናች፤ መጽሐፉ በ1941 ወጣ። ስለ ልጆቹ ትልልቆቹን ብቻ አልጠየቁም። ልጆቹን ራሳቸውን ሁለት ነገር እንዲጽፉ አደረጉ፦ እዚህ የምትወደው ምንድን ነው? የሚናፍቅህስ ምንድን ነው? በቃ፣ ሁለት ጥያቄ። ከዚያ ያገኙት ነገር ቤተሰብ ለልጅ ምን ያህል እንደሆነ፣ እህትና ወንድም አብረው ማረፋቸው ምን ያህል እንደሚጠቅም ነው። የተላኩት ልጆች የደረሰባቸው ሲታወቅ አገሩ ትምህርት ወሰደ። በ1948 ያለ ወላጅ የሚያድጉ ልጆችን የሚጠብቅ ሕግ እንዲወጣ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይሄው ነው። እንግዲህ ልጅ ያቦካው ለሕግም በቃ ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ለጠየቀችን እህታችን የእኔ መልስ ይሄ ነው። ተኩሱ ሰፈር ከገባ ትላካት፤ የሞተ ልጅ አይናፍቅም፣ አይማርምም። አያትየውም አብረው መሄድ ከቻሉ እጅግ ጥሩ፣ ብሩን ለዚያ እናዋጣ። ምክንያቱ ትምህርት ብቻ ከሆነና ሰፈሩ ቢዘገይም ሰላም ከሆነ ግን፣ አንድ ዓመት ትምህርት ከአያት ጉያ ይበልጣል ብዬ ለመናገር አልደፍርም። ትምህርት ይመለሳል። ይህን የምለው ትምህርትን ንቄ አይደለም፤ ለትምህርት ብዬ የከፈልኩትን ነግሬያችኋለሁ።

የምትላክ ከሆነ ደግሞ ከመላኳ በፊት አራት ነገር ይጣራ። አንደኛ፣ የሚቀበላት ሰው እሷን ነው የሚፈልገው ወይስ ጉልበቷን? "ታግዘኛለች" ያለ ሰው ግማሹን ነግሮናል። ሁለተኛ፣ የምታውቀው አንድ ሰው አብሯት ይኑር፣ የአጎት ልጅም ቢሆን። ሦስተኛ፣ እውነቱ ይነገራት፤ ለምን እንደምትሄድ፣ ማን እንደሚጠይቃት፣ መቼ እንደሚደወል። "ነገ እመጣለሁ" አይባል። አራተኛ፣ "አልቻልኩም" የምትልበት መንገድ ይኑራት፤ ስፒከር የሌለበት፣ የቤቱ ሰው የማይሰማው ስልክ፣ ወይም ሄዶ አይቷት የሚመለስ የታመነ ሰው። ስንደውልም "ደህና ነሽ?" ብቻ አንበል። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። እነዚያን ሁለቱን እንጠይቅ፦ የምትወጂው ምንድን ነው? የሚናፍቅሽስ? ይህን ለምትላከዋ ልጅ ብቻ አይደለም የምለው። ለሁላችንም ልጆች ነው።

ስለ እኛም አንድ ነገር ልበል። እኛ ልጅ የላክን ወይም የተውን ብቻ አይደለንም፤ እኛ ተቀባዮችም ነን። በየቤቱ የሰው ልጅ እጃችን ላይ ነው። አንዳንዴ እልህ ይይዘናል፤ "የገዛ ልጄን ትቼ የእነሱን ልሳም?" እንላለን። አውቀዋለሁ፣ እኔም ይይዘኛል። ደሞዝ ሲዘገይ፣ ስድብ ሲበዛ ይብሳል። ግን ልጁ ደሞዛችንን አልያዘውም። ሜሪ ኮርኒሽ ልጆቹን ያቆየችው ስለተከፈላት አይደለም። እኛ የሰው ልጅ በደንብ ስንይዝ ሀገር ቤት ልጃችንን የያዘውን ሰው "አንተም እንዲህ ያዝልኝ" ብለን ለመጠየቅ አፋችን ይሞላል። መብታችንን መጠየቅ ሌላ ነው፣ ያንንም እንጠይቅ፤ ልጁ ግን መያዣ አይሁን።

"ልጁን ከጉያው ያወጣ ወላጅ አይባልም" ላልሽው እህቴ፣ በክፋት እንዳላልሽው አውቃለሁ። ምናልባት ስለራስሽ አዝነሽ ይሆናል። እኔ ግን ወላጅ የማይባል ካለ፣ ከላከ በኋላ መጠየቅ ያቆመ ነው እላለሁ። ይህ ደግሞ ከልጁ ጋር አንድ ቤት እያደረም ይደርሳል።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ፣ በተለይ ልጆቻችሁን ያሳደጉ እናቶች፣ ለሚቀጥለው ቁጥር ጻፉ። መጻፍ የሚከብዳችሁ ንገሩኝ፣ እኔ እጽፍላችኋለሁ። ቸር ይግጠመን።

እህታችሁ፣ ከቤይሩት